ምን ይቀድማል? ዊልበር ራይትና የአውሮፕላን አገጣጠም ቅደም ተከተል

አንድ ዕቃ ለመገጣጠም ክፍሎቹ ተሟልተው፣ ንድፉም በእጅ እያለ ሥራው የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ብሎን ያለ ጊዜው ከጠበቀ አራተኛው ቀዳዳ አልገጥም ይላል። ሽፋኑ ቀድሞ ከተለበጠ ከሥሩ ያለው ሽቦ አይደረስበትም። ያኔ የተሠራው ይፈታል፣ ጊዜም ዕቃም ይባክናል። ጠረጴዛ ወይም ወንበር ከሆነ ጉዳቱ ይኼው ነው። አውሮፕላን ከሆነ ግን የቅደም ተከተል ስሕተት አየር ላይ ሊገለጥ ይችላል፤ እዚያ ደግሞ ፈቶ መግጠም የለም።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የአውሮፕላን ክፍሎች በሳጥን ተልከውላቸው በየጋራዣቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሥራውን የሚጀምሩት ከጅራቱ ነው። ለምን ከጅራት? ጅራቱ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከሌላው ያንሳል። ሰውየው ሪቬት መምታት የሚለማመደው እዚያ ላይ ነው፤ ቢያበላሽም ጅራት ማበላሸት ክንፍ ከማበላሸት ይሻላል። ከዚያ ክንፉ ይቀጥላል፣ ከዚያ ዋናው አካል፣ ሞተሩ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ሞተር ቀድሞ ተገዝቶ ቢቀመጥ ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል፣ ዝገትም ያሰጋዋል።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ሞተሩ ይቀድማል ብለው ሀብታቸውንና ክብራቸውን ያጡ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ሞተር ይቆይ ብሎ ሥራውን ከሌላ ጫፍ የጀመረው ዊልበር ራይት የሚባል የብስክሌት ሠሪ ነው። የራይት ወንድማማቾች ሲነሱ ሁላችንም የምናስታውሰው ያችን የ12 ሴኮንድ በረራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የታላቅየውን ወንድም ሕይወት የምንመለከተው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ምን መቅደም እንዳለበት እንዴት ይወስን እንደነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልበር የተወለደው ኤፕሪል 16 ቀን 1867 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሚልቪል በምትባል መንደር አጠገብ ነው። አባቱ ሚልተን ራይት የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። እናቱ ሱዛን ደግሞ መሣሪያ ይዘው የቤት ዕቃና የልጆች መጫወቻ የሚሠሩ ባለሙያ ሴት ነበሩ። ወንድሙ ኦርቪል ከእሱ በአራት ዓመት ያንሳል። በ1878 አባታቸው ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራች፣ በላስቲክ እየተሽከረከረች የምትነሳ መጫወቻ ገዝተው መጡ። ልጆቹ እስክትሰበር ተጫወቱባት፤ ከዚያ ራሳቸው እየሠሩ ያበሯት ጀመር።

ዊልበር ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገባል ተብሎም ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በ1885 እና በ1886 መካከል ባለው ክረምት በበረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወት ፊቱን ተመትቶ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ከዚያ በኋላ ጤናውም መንፈሱም ተዳከመ፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀረ። በሳንባ ነቀርሳ የታመሙትን እናቱን እያስታመመ፣ የአባቱን መጻሕፍት እያነበበ ቤት ተቀመጠ። እናቱ በ1889 ዐረፉ። እንግዲህ ይህ በኋላ ዓለምን ያስደነቀ ሰው የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም።

በዚያው በ1889 ከኦርቪል ጋር ዴይተን ከተማ ማተሚያ ቤት ከፈተ። በ1892 የብስክሌት ሱቅ ጨመሩ፣ በ1896 ደግሞ በራሳቸው ስም ብስክሌት መሥራት ጀመሩ። ብስክሌት ለዊልበር እንጀራው ብቻ ሳይሆን አስተማሪውም ሆነ። ብስክሌት ብቻዋን ስትቆም ትወድቃለች። የምትሄደው ጋላቢዋ በየቅጽበቱ ሚዛኗን ስለሚጠብቅ ነው። ጉልበት ብቻውን አያቆማትም፤ እንዲያውም ሚዛን ያልለመደ ሰው በፈጠነ ቁጥር አወዳደቁ ይከፋል።

በ1896 ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሞተር አልባ ተንሸራታቹን እያበረረ ሳለ ወድቆ ሞተ። ሊሊየንታል ከ2,000 ጊዜ በላይ ከኮረብታ ላይ የተንሸራተተ ሰው ነበር፤ ተንሸራታቹን የሚያዘው ግን ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ብቻ ነበር። ነፋሱ ድንገት ሲቀየር ያ አልበቃውም። በ1899 ደግሞ እንግሊዛዊው ፐርሲ ፒልቸር በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተ። የሚያሳዝነው ፒልቸር ሲሞት ባለ ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ የማብረር ዝግጅት ላይ ነበር።

ዊልበር ሜይ 30 ቀን 1899 ስሚዝሶንያን ለተባለው ታዋቂ ተቋም ደብዳቤ ጽፎ ስለ በረራ የተጻፉ ጽሑፎችን ጠየቀ። የመጡለትን አንብቦ ችግሩን በሦስት ከፈለው፦ የሚያነሳ ክንፍ፣ የሚገፋ ሞተር፣ እና አየር ላይ ሚዛን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ። ታዲያ የትኛው ይቅደም? ሂራም ማክሲም በእንግሊዝ አገር ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን በእንፋሎት የሚሠራ ግዙፍ ማሽን ሠርቶ በ1894 ሐዲዱን ሰብሮ ቆሞበታል። የስሚዝሶንያኑ ኃላፊ ሳሙኤል ላንግሌይም ትልቁን ልፋቱን ያፈሰሰው ሞተር ላይ ነበር። ዊልበር ግን መቆጣጠሪያው ይቀድማል አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተር የሌለው ነገር ግን የሚታዘዝ ተንሸራታች ቢያስቸግር መሬት ላይ ያርፋል፤ ሞተር ያለው ነገር ግን የማይታዘዝ ማሽን ሰው ይገድላል።

መቆጣጠሪያውን ያገኘው ሱቁ ውስጥ ነው። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የመጣበትን ረዥም የካርቶን ሳጥን በእጁ ይዞ ሲያወራ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ጠመዘዘው። ሳጥኑ ሳይሰበር ተጠማዘዘ። ክንፍም እንዲህ ቢጠመዘዝ አንዱ ጎን ሲነሳ ሌላው ይወርዳል ማለት ነው። በዚያው ዓመት 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ካይት ላይ ሞከረው፤ ሠራ።

በ1900 ሰው የሚሸከም ተንሸራታች ሠርቶ ነፋስና አሸዋ ወዳለበት ኪቲ ሆክ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ተጓዘ። የአገጣጠም ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚጎዳ በግልጽ የታየው እዚህ ላይ ነው። ዊልበር ዴይተን ሳለ ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን ቀጫጭን እንጨቶች አጉብጦ፣ ጨርቁንም በልኩ ቆርጦና ሰፍቶ ጨርሶ ነበር። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዙትን ረጃጅም አግዳሚዎች ግን በመንገዱ ላይ ሊገዛ አስቦ ተዋቸው። ኖርፎክ ከተማ ሲደርስ የፈለገው ባለ 18 ጫማ እንጨት ጠፋ። የተገኘው 16 ጫማ፣ ማለትም 4.9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምን ይደረግ? አግዳሚው ካጠረ ክንፉ ያጥራል፣ ክንፉ ካጠረ የተሰፋው ጨርቅ ይተርፋል። ኪቲ ሆክ ደርሶ ካረፈበት ቤት የልብስ ስፌት መኪና ተውሶ፣ ጨርቁን ፈትቶ፣ መሐሉን ቆርጦ እንደገና ሰፋው።

ትምህርቱ ይኼ ነው፦ የብዙ ነገር ልክ በእሱ ላይ የተመሠረተ ክፍል ሳይገኝ እሱን የሚከተለው አይቆረጥም። አግዳሚው የክንፉን ስፋት ይወስናል፣ ጨርቁ ግን ምንም አይወስንም። ስለዚህ ጨርቅ መጨረሻ ነው።

የ1901ዱ ተንሸራታች ተለቅ ያለ ነበር፤ የማንሳት ኃይሉ ግን በሒሳብ ከተጠበቀው በጣም አነሰ። ዊልበር ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይተወዋል ወይ ቸኩሎ ሌላ ይሠራል። ወንድማማቾቹ ግን ግንባታውን አቁመው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የነፋስ ሳጥን ሠርተው በዚያው መጸውና ክረምት ወደ 200 የሚጠጉ ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑበት። በዚያ ልኬት የተሠራው የ1902ቱ ተንሸራታች በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ በረረ። የጅራቱን መሪ ተንቀሳቃሽ አድርገው ከክንፉ መጠምዘዣ ጋር ሲያያይዙት ማሽኑ በሦስቱም አቅጣጫ ታዛዥ ሆነ።

የሞተሩ ተራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ላይ የሚስማማ ሲያጡ የሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሠራ። ሱቁ ጠባብ ስለነበር መላው አውሮፕላን እዚያ ተገጣጥሞ አያውቅም። የመካከለኛው ክፍል ብቻ ሲቆም መተላለፊያውን ዘግቶ፣ ደንበኛ ሲመጣ በጎን በር ወጥተው ዞረው ያስተናግዱ ነበር። ስለዚህ 12.3 ሜትር የክንፍ ስፋት ያለው ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የታየው ኪቲ ሆክ ላይ ነው።

እዚያም አሠራራቸው በተራ ነበር። ነፋሱ ጥሩ በሆነበት ቀን የአምናውን ተንሸራታች እያበረሩ እጃቸውን ያፍታታሉ፤ በማይመችበት ቀን አዲሱን ይገጣጥማሉ። ክንፎቹ ቀደሙ፣ ሞተሩና ፕሮፔለሮቹ መጨረሻ ሆኑ። ኖቬምበር 5 ቀን 1903 ሞተሩ ሲሞከር የፕሮፔለሮቹ ሻፍቶች ተበላሹ። ወደ ዴይተን ተልከው ተጠግነው ሲመለሱ የካቴናው ጥርሶች አልጠብቅ አሉ፤ በብስክሌት ጎማ ማስቲሽ አጣበቋቸው። ብዙም ሳይቆይ ሻፍቱ ላይ ስንጥቅ ታየ። ኦርቪል ዴይተን ድረስ ሄዶ አዲስ የብረት ሻፍት ሠርቶ ተመለሰ። ቅዝቃዜው እየበረታ፣ ላንግሌይም ሊቀድማቸው እየሞከረ ነው። የተሰነጠቀ ሻፍት ይዞ መሞከር ያጓጓ ነበር፤ አልሞከሩትም። ዲሴምበር 8 የላንግሌይ ማሽን ወንዝ ውስጥ ገባ። ዲሴምበር 17 ቀን ኦርቪል 12 ሴኮንድ በረረ፤ በዚያው ቀን በአራተኛው ሙከራ ዊልበር 59 ሴኮንድ ቆይቶ 260 ሜትር ተጓዘ።

ትልቁ የመገጣጠም ፈተና ግን በ1908 መጣ። አውሮፕላኑ በ1907 በሳጥን ታሽጎ ወደ ፈረንሣይ ተልኮ ለ ሃቭር ወደብ ተቀምጦ ነበር። ዊልበር ለ ማን ከተማ ሊዮን ቦሌ የተባለ የመኪና ፋብሪካ ባለቤት በፈቀደለት ቦታ ሳጥኖቹን ሲከፍት የክንፉ ቀጫጭን እንጨቶች ተሰብረዋል፣ ጨርቁ ተቀዷል፣ ራዲያተሩ ተጨራምቷል። መጀመሪያ ኦርቪል አስተሻሸጉን አበላሽቷል ብሎ ተናዶ ጻፈለት፤ ኋላ ግን ዕቃውን ያተራመሱት የጉምሩክ ፈታሾች መሆናቸው ታወቀ። የፈረንሣይ ጋዜጦች ውሸታም እያሉት፣ ቋንቋውን ከማያውቁ ሠራተኞች ጋር፣ አብዛኛውን በገዛ እጁ እየሰፋና እየጠገነ ገጣጠመው። ጁላይ 4 ሞተሩን ሲሞክር የራዲያተሩ ቱቦ ወልቆ የፈላ ውኃ ክንዱንና ጎኑን አቃጠለው። ያም ሆኖ ደረጃ አልዘለለም። ሥራው ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ፈጀ። ኦገስት 8 በፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ሲበር የታዘዘለትን እንደሚያደርግ ፈረስ እየዞረ አሳያቸው። ካሾፉበት መካከልም ይቅርታ የጠየቁ ነበሩ።

በሚቀጥለው ወር፣ ሴፕቴምበር 17፣ ኦርቪል አሜሪካ ውስጥ ሲበር ፕሮፔለሩ ተሰብሮ ወደቀ። እሱ ክፉኛ ተጎዳ፤ አብሮት የነበረው መኮንን ቶማስ ሴልፍሪጅ ሞተ። ዊልበር እዚያ ብኖር አይደርስም ነበር እያለ አዘነ። ከአራት ቀን በኋላ ግን 1 ሰዓት ከ31 ደቂቃ በረረ፤ ዲሴምበር 31 ደግሞ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሌላ መልክ ነበራቸው። በ1906 የተሰጣቸውን የባለቤትነት መብት ለማስከበር ዊልበር ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ወርክሾፑ ወደ ኋላ ቀረ። ለምርምር ሊውል ይችል የነበረው ጊዜ በክርክር ማለቁ እንደሚያሳዝነው በ1912 መጀመሪያ ለአንድ ወዳጁ ጽፏል። ምን መቅደም እንዳለበት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው የራሱን ቀን ቅደም ተከተል ሌሎች ወሰኑለት። በዚያው ዓመት በተስቦ ታሞ ሜይ 30 ቀን በ45 ዓመቱ ሞተ። ያንን ደብዳቤ ለስሚዝሶንያን ከጻፈ ልክ 13 ዓመት ሆነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ የሚተርፈው ጥያቄ ነው። ሥራ ስንጀምር ብዙዎቻችን የምንመርጠው ደስ የሚለውን፣ ሰው አይቶ የሚያደንቀውን ክፍል ነው። ዊልበር የሚጠይቀው ግን፣ ይህ ቢሳሳት ምን ያህሉን ያፈርሳል? የሌላው ልክ በየትኛው ላይ ተመሥርቷል? ሰው የሚገድለውስ የትኛው ነው? የሚለውን ነበር። ብሎኑን ከማጥበቃችን በፊት ይህን መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።