ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የልደታው የአይሮፕላን ትምህርት ቤት

ከመርካቶው ራጉኤል ተነሥቶ ልደታን አልፎ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ሕዝቡ እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት እያለ ወደሚጠራው ስፍራ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ከኢጣልያ ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ ልጆቿ አይሮፕላን ማብረርን እንደ ገና መማር የጀመሩት በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ የመምህራኑም አለቃ ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ።

ኮሎኔል ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ ግዛት በጋልፍፖርት ከተማ አደጉ። በቱስኬጊ የአውቶሞቢል ጥገና ከተማሩ በኋላ በቺካጎ ከተማ በሚገኘው በከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመግባት ቢያመለክቱ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ተከለከሉ። እሳቸው ግን ጠራጊ ሆነው በዚያው ቤት ተቀጠሩ፤ መጥረጊያቸውን ይዘውም የመምህሩን ቃል ያደምጡ ነበር። ለትምህርት ሲባል ዝቅ ማለት ነውር አለመሆኑን እየለመነ የተማረ የቆሎ ተማሪ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተላቸው፤ ተመርቀውም ከባልንጀራቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋራ ወገኖቻቸውን ያስተምሩ ጀመር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ይከታተሉ በነበሩት በመላኩ በያን አማካይነት ተጠርተው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ጥቂት ወራት ቆይተውም የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አይሮፕላኖች ዓድዋን በቦምብ ሲደበድቡ በስፍራው ነበሩ። የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች ጥቂቶችና ለውጊያ ያልታጠቁ ስለ ነበሩ ሥራቸው መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ጓደኞቻቸውን አስከትለው ተመለሱ፤ በልደታም ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በመጀመሪያ 19 የነበሩት ተማሪዎች በ1938 ዓ.ም. 75 ደረሱ።

ከማብረር ትምህርት ሁሉ የሚከብደው ማሳረፍ ነው። ተማሪው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ መሬት ለመንካት ጥቂት ክንድ ሲቀረው የአይሮፕላኑን አፍንጫ በዝግታ ቀና አድርጎ ፍጥነቱ አልቆ በራሱ እስኪቀመጥ ይታገሣል። ቸኩሎ ወደ ታች የገፋው እንደ ኳስ ይነጥራል፤ አብዝቶ ወደ ላይ የሳበው ደግሞ ክንፉ አየሩን መሸከም ያቅተውና እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ዓይኑንም ከቅርቡ ሣር አንሥቶ ወደ ሩቅ ካላደረገ ከፍታውን መገመት አይችልም።

በአዲስ አበባ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ እንዳይወድቅ በቆላ ከሚሄደው ይልቅ መፍጠን ይገባዋል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን የቆላውን ቁጥር ያሳያል። ሜዳው ወደ ተማሪው የሚሮጥ ይመስላል፤ መንኰራኵሩም መሬት ከነካ በኋላ አይሮፕላኑ ቶሎ አይቆምም።

በየአገሩ ልማድ መምህሩ ከተማሪው ጋራ ተቀምጦ ይህን ደጋግሞ ካሳየው በኋላ አንድ ቀን ከአይሮፕላኑ ወርዶ ብቻውን ይሰደዋል። የቅኔ መምህርም ደቀ መዝሙሩን በጉባኤ ፊት አቁሞ ዝም ይላል፤ ዳሩ ግን የቅኔው ስሕተት በመምህሩ እርማት ይቃናል፤ ብቻውን የወጣውን ልጅ ግን በዚያች ሰዓት የሚደርስለት የለም። መምህሩ ከሜዳው ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው አይኖረውም።

ከስዊድን የመጡ መምህራን የአየር ኃይሉን ትምህርት በቢሾፍቱ ሲረከቡ ኮሎኔል ሮቢንሰን ከእነርሱ ጋራ ሳይስማሙ ቀርተው ከሥራው ወጡ። ወደ አገራቸው ግን አልተመለሱም። መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ለአንድ ሕመምተኛ ደም ለማድረስ በትንሽ አይሮፕላን ሲበሩ በአዲስ አበባ ወድቀው አብሯቸው የነበረው ኢጣልያዊ መሐንዲስ ሞተ፤ እሳቸውም በእሳት ተቃጥለው ሆስፒታል ከቆዩ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በአዲስ አበባ ተፈጸመ።