ጋኪ ሼሮቾ

ታቶ ጋኪ ሼሮቾ (ጋኪ ሻሮቾ ተብሎም ይጻፋል) እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1897 የነገሡ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ናቸው። «ታቶ» በካፋ ቋንቋ (ካፊኖኖ) ንጉሥ ማለት ነው። ይበልጥ የሚታወቁት ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጦር ጋር ባደረጉት ውጊያና በረጅም ዘመን እስራታቸው ነው። በእሳቸው መያዝ የካፋ መንግሥት ሲፈርስ የሕዝቡ የዳኝነት ሥርዓትም በእጅጉ ተለወጠ።

ንግሥና

ጋኪ ሼሮቾ ከሚንጆ ሥርወ መንግሥት የተወለዱ ሲሆን የነገሡት ከጋሊ ሼሮቾ በኋላ ነው። የመንግሥቱ ዋና መቀመጫዎች ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ። ንጉሡን ሚክሬቾ የሚባል ሰባት አባላት ያሉት የአማካሪዎች ጉባኤ ያግዛቸው ነበር፤ ጉባኤው የንጉሡን ፈቃድ ያለዝብ ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ባርነት ነበር፤ በአደን የሚተዳደሩት ማንጆዎችም ከሌላው ሕዝብ ተገልለው ይኖሩ ነበር።

ጦርነትና እስራት

ካፋ ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድና በኬላ ያስጠብቅ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ አጼ ምኒልክ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራ ጦር ላኩ። ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ደጃዝማች ደምሰውና የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርም በዘመቻው ተሳተፉ። የካፋ ሠራዊት ይዋጋ የነበረው በአብዛኛው በጦር ሲሆን የተቃዋሚው ኃይል ግን ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። ንጉሡ በጫካ እየተሸሸጉ ለወራት ከተከላከሉ በኋላ መስከረም 2 ቀን 1890 ዓ.ም. ተያዙ። በብር ሰንሰለት ታስረው እንደተወሰዱ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት እንዳሉ ሞቱ።

የካፋ ዘውድ ለአጼ ምኒልክ አማካሪ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቶ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከመንግሥቱ መውደቅ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1898 በካፋ ያለፈው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አገሩ በጦርነቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ጽፏል። ገበሬው ለሹማምንትና ለወታደሮች በገባርነት ተመደበ። ግብር የሚቀበለው ሹም ራሱ ዳኛም ስለነበር ገባሩ የሚበድለውን ሰው የሚከሰው በዚያው ሰው ፊት ነበር። ይግባኝ ለማለት ወደ ላይኛው ገዥ፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ችሎት መሄድ ያስፈልግ ነበር። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ስንቅ፣ ጊዜና አስተርጓሚ ለሌለው ድሃ ፍርድ ማግኘት ከባድ ነበር። ገባርነት ጨርሶ የቀረው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጋር ነው።

ጋኪ ሼሮቾ የወደቁበት ዘመን በካፋ የሚታወሰው በዙፋኑ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የሚሟገትለት ሰው ባጣው ሕዝብም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ ጠበቃ የማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት ሲችልም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ደግሞ በተከራካሪዎች ፈቃድ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በባህላዊ ሕግ እንዲዳኙ በር ይከፍታል። የቀድሞው የነገሥታት መቀመጫ ቦንጋ ዛሬ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት።