ዐፄ ቴዎድሮስና የሠራተኛ ዋጋ

ከቁሐር ሚካኤልና ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ በዚያም አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኛን እንዴት እንዳከበሩትና በኋላም እንዴት እንዳጡት በዚህ አገር ይታያል።

የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው በችግር አሳደጓቸው፤ ጠላቶቻቸውም የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ኮሶ ሽጦ ልጅን ማሳደግ ግን ለሚሰድበው እንጂ ለሚሠራው ነውር አይደለም። በሽፍትነታቸውም ጊዜ ከዘረፉት ገንዘብ ለቋራ ገበሬ ማረሻ መግዣ ሰጡ ይባላል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ገበሬ እንዲያርስ፥ ነጋዴ እንዲነግድ፥ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩም በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱን ትቶ ደመወዝ ይቀበል ዘንድ አሰቡ። አሳቡ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ አላቋርጥ ስላለ ለደመወዝ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም።

በጋፋት ቫልድማየርንና ባልንጀሮቹን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች አስቀምጠው መድፍ አስፈሰሱ። ጥበባቸው በአገሩ ብርቅ ስለ ነበረ በገንዘብና በክብር ልብስ ተሸለሙ፤ በኋላ ግን እነርሱም በዘበኛ ተጠበቁ። የአገሩ አንጥረኛ በጎረቤቱ ዘንድ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ፥ ንጉሠ ነገሥቱ የብረት ሥራን ከሁሉ አስበልጠው መመልከታቸው ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ገበሬው ግን ዋጋውን የሚነጋገርበት ደጅ አልነበረውም። ሠራተኛ በማኅበር ሆኖ ከአሠሪው ጋራ እንዲዋዋል የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 210 የወጣው ገና በ1956 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ቢሆን የደመወዝተኛ እንጂ የአራሽ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ደመወዝ ያጣው ሠራዊት ተመልሶ በበጌምድር ገበሬ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ ባላገሩ እህሉን በጕድጓድ ቀበረ፥ ሞፈሩን ሰቀለ፥ ከብቱን እየነዳ ተሰደደ። ከዚህ በቀር መከራከሪያ አልነበረውም፤ ይህ አንዱ ግን ከጦር ይልቅ በረታ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ይህም የተሸሸገውን እህል አላወጣውም። የሚበላ ያጣ ወታደርም በሌሊት እየከዳ፥ ብዙ አሥር ሺህ የነበረው ሠራዊት ጥቂት ሺህ ሆነ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን በሰው ጕልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱን በጨጨሆና በደላንታ ሲያስጠርጉ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። በእጁ የሚሠራ ንጉሥ ማየት ለጎታቹ ትዕግሥት ሰጥቶት ይሆናል፤ እራት ግን አልሆነውም። ጕዞው እስከ መጋቢት ቈየ።

በፋሲካ ማግስት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር በጥቂት ታማኞች መካከል ራሳቸውን ገደሉ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ።