ከመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው ንጉሥ ፤ የሣልሳዊ ሪቻርድ ታሪክ
ነገሥታት ሲሞቱ በታላቅ ክብር ታጅበው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማረፋቸው በየአገሩ የተለመደ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሣልሳዊ ሪቻርድ ግን በሌስተር ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መኪናቸውን በሚያቆሙበት ግቢ ሥር ተረስቶ ኖረ። ሠራተኞቹ ጧት ሲገቡ ማታም ሲወጡ የመኪናቸው ጎማ በንጉሥ መቃብር ላይ እንደሚመላለስ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። እኛም የዚህን ንጉሥ ሕይወትና ከሞተ በኋላ የገጠመውን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንተርካለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሪቻርድ ኦክቶበር 2 ቀን 1452 ዓ.ም. በፎዘሪንጌይ ግንብ ተወለደ። አባቱ የዮርክ መስፍን ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝን ዘውድ ለመያዝ የዮርክና የላንካስተር ወገኖች ይዋጉ ነበር፤ ይህም የጽጌረዳ ጦርነት እየተባለ የሚጠራው ነው። ሪቻርድ ገና ስምንት ዓመቱ ሳለ አባቱ በ1460 ዓ.ም. በዌክፊልድ ጦር ሜዳ ስለ ተገደለ እናቱ ለነፍሱ ሠግታ ከወንድሙ ከጆርጅ ጋራ በባሕር አሻግራ ሰደደችው። በማግሥቱ ዓመት ታላቅ ወንድማቸው ድል አድርጎ ራብዓዊ ኤድዋርድ ተብሎ ሲነግሥ ሁለቱ ልጆች ተመለሱ፤ ሪቻርድም የግሎስተር መስፍን ተብሎ ተሾመ።

ለወንድሙ የነበረውን ታማኝነት ጠላቶቹም ቢሆኑ ሊክዱት አልቻሉም። በ1470 ዓ.ም. ንጉሡ ዘውዱን አጥቶ ሲሰደድ አብሮት ተሰደደ። በ1471 ዓ.ም. ሲመለስም በባርኔትና በቲውክስበሪ ጦርነት ገና በ18 ዓመቱ ሠራዊት አዘዘ። ከዚያም በኋላ አን ኔቪልን አግብቶ የሰሜኑን አገር ለብዙ ዓመት ስላስተዳደረ የዮርክ ከተማ ሕዝብ እጅግ ወደደው።

ነገሩ የተበላሸው ንጉሥ ኤድዋርድ በኤፕሪል 1483 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ነው። አልጋ ወራሹ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ አጎቱ ሪቻርድ ሞግዚት ሆነ። ሕፃኑና የ9 ዓመት ታናሽ ወንድሙም በሎንዶን ግንብ ተቀመጡ። ወዲያው ግን አባታቸው አስቀድሞ ለሌላ ሴት የጋብቻ ቃል ሰጥቶ ነበርና ልጆቹ ከሕጋዊ ጋብቻ አልተወለዱም የሚል ነገር ተነሣ። በዚህም ምክንያት ሪቻርድ ራሱ ጁላይ 6 ቀን ዘውድ ጫነ። ሁለቱ ሕፃናት ከዚያ በጋ በኋላ የት እንደ ገቡ ሳይታወቅ ቀረ።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና ልጆቹን ያስገደለ ሪቻርድ ነው ብለን አንፈርድም፤ የማያወላዳ ማስረጃ የለምና። ይሁን እንጂ በእርሱ ጥበቃ ሥር ሳሉ መጥፋታቸውን፤ እርሱም አውጥቶ ለሕዝብ አለማሳየቱን መዘንጋት አይገባም። አደራ የተቀበለ ሰው ስለ አደራው መጠየቁ አይቀርም።

ዘመነ መንግሥቱ ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር አልበለጠም። በ1484 ዓ.ም. በሰበሰበው ፓርላማ ተከሳሾች በዋስ የሚለቀቁበትን ሕግ አሻሻለ፤ ነገሥታት በስጦታ ስም ከባለጸጎች በግድ ይወስዱት የነበረውንም ገንዘብ ከለከለ። ኀዘኑ ግን አልተለየውም። አንድ ልጁ በዚያው ዓመት፤ ሚስቱም በ1485 ዓ.ም. መጋቢት ወር ላይ ሞቱ።

በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ሄንሪ ቱዶር የተባለው ተቀናቃኝ ከፈረንሳይ ተነሥቶ በዌልስ በኩል ገባ። ኦገስት 22 ቀን በቦስዎርዝ ሁለቱ ሠራዊቶች ገጠሙ። ሪቻርድ ጦርነቱን ባንድ ምት ለመጨረስ ፈረሰኞቹን አስከትሎ በቀጥታ ወደ ሄንሪ ጋለበ፤ የሄንሪንም ዓላማ ያዥ ገደለ። በዚህ ጊዜ ዳር ቆሞ ይመለከት የነበረው የስታንሊ ጦር ለሄንሪ አግዞ ስለ ገባ ንጉሡ ተከብቦ በ32 ዓመቱ ወደቀ። በጦር ሜዳ የሞተ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥ እርሱ ነው።

ሬሳው ራቁቱን በፈረስ ተጭኖ ወደ ሌስተር ተወስዶ ለሕዝብ ከታየ በኋላ የፍራንሲስካን መነኮሳት በቤተ ክርስቲያናቸው ቀበሩት። በ1538 ዓ.ም. ገዳሙ ሲዘጋና ሲፈርስ የመቃብሩ ቦታ ተረሳ። ዐፅሙ ወደ ወንዝ ተጥሏል የሚል ወሬ ተነዛ፤ የሬሳ ሣጥኑም ለፈረሶች ውሃ ማጠጫ ገንዳ ሆኗል እየተባለ ይነገር ነበር። መነኮሳቱ የጸለዩበት ቦታ በመጀመሪያ የባለጸጋ አትክልት፤ በኋላም መኪና ማቆሚያ ሆነ።

ስሙም ከመቃብሩ የተሻለ ዕድል አላገኘም። ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ዊልያም ሼክስፒር ስለ እርሱ በጻፈው ቴአትር ጀርባው የጐበጠ፤ ክንዱም የሰለለ ጨካኝ አድርጎ አሳየው። ቴአትሩ በተጻፈበት ጊዜ ትገዛ የነበረችው ንግሥት የሄንሪ ቱዶር የልጅ ልጅ መሆኗን አንባቢ ልብ ይበል።

ፊሊፓ ላንግሊ የተባለች ጸሐፊ የንጉሡን ዐፅም ለማስፈለግ ለብዙ ዓመታት ደክማ በመጨረሻ የሌስተር ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ኦገስት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. አስፋልቱን ሰብረው መቈፈር ጀመሩ። በቦታው አንዱ መኪና ማቆሚያ ለተለየ ሰው መጠበቁን ለማመልከት አር የሚል ፊደል ተቀብቶ ነበር፤ አር የሪቻርድ ስም መነሻ ነውና እንደ ተአምር ተወራ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን የእግር አጥንት ብቅ አለ። ሣጥን አልነበረውም፤ ጉድጓዱም አጥሮት ራሱ ቀና ብሎ ነበር።

የራስ ቅሉ በሰይፍና በጦር ብዙ ቦታ ቈስሏል። አከርካሪው ወደ ጎን የተጣመመ በመሆኑ አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ይል እንደ ነበር ታወቀ። ነገር ግን ጀርባው አልጐበጠም፤ ክንዱም አልሰለለም። ከእኅቱ ወገን በሴት ሐረግ የወረዱ ዘመዶች ተፈልገው ዘረ መላቸው ከዐፅሙ ጋራ ሲመረመር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሪቻርድ መሆኑ ለዓለም ተነገረ።

ወዲያውኑ ለአምስት መቶ ዓመት ያስታወሰው ያልነበረ ዐፅም ባለቤቱ በዛ። ዮርክ የኛ ነው አለች፤ ሌስተርም ያገኘሁት እኔ ነኝ አለች። ክርክሩ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ዓ.ም. ለሌስተር ተፈረደ። ማርች 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ንጉሡ በሌስተር ካቴድራል ተቀበረ፤ የኦክ እንጨት ሣጥኑን የሠራለት አናጢም ከተመረመሩት ዘመዶቹ አንዱ ነበር። ሣጥኑን ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ ከ20 ሺሕ ይበልጣል። በዚያን ሰሞን በሊጉ ግርጌ የነበረው የከተማው የእግር ኳስ ቡድን በማግሥቱ ዓመት ዋንጫ ሲወስድ፤ አወራራጆች አምስት ሺሕ ለአንድ ገምተውት ነበርና፤ የከተማው ሰው ንጉሡ ውለታ መለሰልን እያለ ቀለደ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ተሸናፊ ስለ ራሱ መመስከር ስለማይችል አሸናፊው የፈለገውን ይጽፍበታል፤ ቢዘገይም ግን አጥንት ራሱ ምስክር ሆኖ ይነሣል። ዐፅሙ ስለ ጀርባውና ስለ ክንዱ የተነገረውን ሐሰት አጋልጧል። ስለ ሁለቱ ሕፃናት ግን አንዳች ነገር አልተናገረም፤ ጠያቂያቸውም ዛሬም አልታጣም።