ዘርዓ ያዕቆብ፦ ከዜማ ቤት እስከ እንፍራዝ የተጓዘ ሙግት

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አመክንዮንና ሂሳዊ አስተሳሰብን በጋራ ኮርስነት ይማራሉ። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከአካባቢው ገጠር የሚመጣ ተማሪ መነሻ ሐሳብን ከመደምደሚያ መለየትንና የክርክር ሕጸጽን መንቀስን የሚማረው በዚሁ ኮርስ ነው። የኮርሱ ስያሜዎችና ምሳሌዎች በአብዛኛው ከምዕራቡ ዓለም የተወሰዱ ናቸው። ይሁንና በአገሪቱ ውስጥ በግዕዝ ተጽፎ የቆየ፣ ከመነሻ እስከ መደምደሚያ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የሙግት ሥራ አለ፤ እርሱም ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ስለ ሐተታው በርካታ ጥናቶች ቢኖሩም ትኩረታቸው ብዙውን ጊዜ በዋሻው ሁለት ዓመታት ላይ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው፤ የዘርዓ ያዕቆብ የማመዛዘን ልማድ የተቀረጸው ወደ ዋሻው ከመግባቱ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከባዱ ፈተና የገጠመው ደግሞ ከዋሻው ከወጣ በኋላ ነው።

መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አውራጃ ከድኻ ገበሬ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. ተወለደ። የዓለም ስሙ ወርቄ ነበር። ንባብ ከተማረ በኋላ መምህሩ ወደ ዜማ ቤት ላኩት፤ ነገር ግን ድምፁ ሻካራ በመሆኑ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ እያዘነ ወጣ። ከዚያም ቅኔና ሰዋስው ወደሚያስተምር ሌላ መምህር ሄደ፤ በዚያም ከእኩዮቹ ፈጥኖ ስለገባው አራት ዓመት ተቀመጠ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ዐሥር ዓመት ወሰደበት።

ይህ የትምህርት ቅደም ተከተል በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም የጎንጅንና የዋሸራን የቅኔ ጉባኤ የሚያውቅ አንባቢ በቅኔ ቤት ምን ዓይነት ልምምድ እንዳለ ይረዳል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፤ ቀን ለብቻው ሜዳ ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ቃሉ ከሰዋስው፣ ሰሙ ከወርቁ፣ ምሥጢሩ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ቅኔው ይወድቃል። መምህሩ የሚመዝኑት ተማሪው የተቀበለውን ቃል ሳይሆን በራሱ ያገናኘውን ነገር ነው። የትርጓሜ ቤቱ ደግሞ ለአንድ ንባብ ከአንድ በላይ ፍቺ ይሰጣል፤ አንዱን ፍቺ አቅርቦ ሌላውን በአንድምታ ያስከትላል። ዘርዓ ያዕቆብ በየትኛው ጉባኤ እንደተማረ መጽሐፉ አይናገርም፤ ቅኔና ትርጓሜ ግን ለአንድ ቃል ብዙ ንባብ እንዳለውና አንዱን ከሌላው ለመምረጥ ምክንያት እንደሚያስፈልግ አስተምረውታል ማለት ከሥራው ይዘት ጋር የሚስማማ ነው። ሐተታው ራሱ በዚህ የትርጓሜ ዘመን የአገሩን ሊቃውንትና የፈረንጆቹን ፍቺ ጎን ለጎን እንዳጠና፣ ብዙ ጊዜም የሁለቱም ከልቡናው ጋር እንዳልተስማማ ይናገራል። ያን ጊዜ አሳቡን በልቡ ሰውሮ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ዕድሜውን ሁሉ የተከተለው ነው።

ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ የተረጋጋ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስም በ1625 ወደ አገሪቱ ገቡ፤ ስደትና ሁከትም ተከተለ። በዚህ ጊዜ ዘርዓ ያዕቆብ ለተማሪዎቹ ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም አቀረበ፤ ይህ መልካም ነው ያ ክፉ ነው ከማለትም ተቆጠበ። ዛሬ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ይህ ተራ የማስተማር ዘዴ በሆነ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሁለቱም ወገኖች ጠሉት፤ ፈረንጆቹ ከግብጾቹ ጋር ቆጠሩት፣ ግብጾቹም ከፈረንጆቹ። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን ሕዝብን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ በሌሊት ሸሸ። በተከዜ አቅራቢያ በገደል ሥር ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት በዚያ ተቀመጠ፤ አልፎ አልፎ ምግብ ሊለምን ሲወጣ ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው ይሰጡት ነበር።

የሐተታው ዋና ሙግቶች በዋሻው ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጸልይለት አምላክ መኖሩን ይመለከታል። ራሱን ራሱ እንዳልፈጠረ ያስባል፤ ገና ያልነበረ ራሱን ሊፈጥር አይችልምና። ወላጆቹ ፈጠሩት ቢባል የወላጆቹ ፈጣሪ ማን ነው የሚለው ይቀራል፤ እንዲህ ወደ ኋላ እየሄደ ያልተፈጠረ አንድ መነሻ ሊኖር ይገባል ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። በዚህም ላይ ማስተዋል ያለው ፍጥረት ማስተዋል ከሌለው ምንጭ ሊገኝ አይችልም የሚል ሐሳብ ይጨምራል። ይህ የምክንያት ሰንሰለት በኢብን ሲናም ሆነ በቶማስ አኩዊናስ ሥራዎች ይገኛል፤ መመሳሰሉ ብቻውን መቀዳትን አያሳይም፤ ጥያቄው ለማንም አሳቢ ቅርብ ነውና።

ከዚህ ይልቅ ጠንካራው ክፍል ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ ሰዎች በሃይማኖት ለምን ይለያያሉ፣ ማንስ ይፍረድ? እያንዳንዱ ወገን የራሱን እውነት፣ የሌላውን ሐሰት ይላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ አይችሉም፤ ዳኛው ከወገኖቹ አንዱ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ዘርዓ ያዕቆብ ሁሉም ወደሚጋሩት የልቡና ብርሃን ይዞራል። ሰዎች የማይመረምሩት መመርመር አድካሚ ስለሆነና ከአባቶች የሰሙትን መቀበል ስለሚቀል ነው ይላል። ቀጥሎ መለኪያውን ያቀርባል፦ ከፍጥረት ሥርዓት ጋር የሚጣረስ ሕግ የፈጣሪ ሕግ ሊሆን አይችልም።

መለኪያው በሥራ ላይ ሲውል ግልጽነቱ ይታያል። ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን ትምህርት ሲመረምር፣ ሁሉም ቢከተለው የሰው ዘር የሚጠፋበት ሥርዓት ፍጹም ሊባል እንደማይችል ይከራከራል። የሙሴ ሕግ በወር አበባ ያለችውን ሴት ርኩስ ማለቱን አይቀበልም፤ ልጅ ለመውለድ ፈጣሪ ያኖረውን ሥርዓት ርኩሰት ማለት የሥርዓቱን ባለቤት መንቀፍ ይሆናልና። ስለ ብዙ ሚስቶች ያቀረበው ሙግት ደግሞ በቁጥር ላይ የቆመ ነው፤ ወንድና ሴት በተቀራራቢ ቁጥር ስለሚወለዱ አንዱ ዐሥር ካገባ ዘጠኝ ወንዶች ያለ ሚስት ይቀራሉ። ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መለወጥንም በዚሁ መንገድ ያወግዛል፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸውና። የቁጥሩ ሙግት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ መነሻ ሐሳቡን የፈለገ ሰው ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል።

ድክመቱም በዚሁ መለኪያ ውስጥ ነው። ፍጥረት እንዲህ ነው ከሚለው ሰው እንዲህ ሊያደርግ ይገባል ወደሚለው ለመሻገር በመካከል ድልድይ ያስፈልጋል፤ ዘርዓ ያዕቆብ ድልድዩን ከፈጣሪ መልካምነት ይወስዳል። ሕይወት ከሞት በኋላ መቀጠሉንም የሚያስረዳው በዚሁ ነው፤ በዚህ ዓለም ፍትሕ ሳይሟላ ስለሚቀር ጻድቅ ፈጣሪ በሌላ ስፍራ ሊያሟላው ይገባል ይላል። መልካምነቱን የማይቀበል ተከራካሪ ቢመጣ ግን ሙግቱ ብዙ ርቀት አይሄድም። እንዲህ ዓይነት ተከራካሪ አልመጣበትም፤ የሕይወቱ ቀጣይ ክፍልም ምክንያቱን ያሳያል።

ሱስንዮስ ሞተው ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለችው እንፍራዝ ደረሰ። በዚያ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ አገኘው። ለዘመዶቹ ደብዳቤ ሊጽፍ ቀለምና ወረቀት በጠየቀ ጊዜ ሀብቱ የእጅ ጽሕፈቱን አይቶ ዳዊት እንዲጽፍለት አዘዘው፤ እርሱም በጽሕፈት ሥራ ኑሮውን መሠረተ፤ የሀብቱንም ልጆች አስተማረ። መመንኮስን አልፈለገም። በሀብቱ ቤት የምታገለግል ኂሩት የምትባል ሴት ነበረች፤ መልኳ የሚያምር ባይሆንም ጠባይዋ መልካም፣ ታጋሽና አስተዋይ ነበረች። ሀብቱ አገልጋይ ትሁንህ ባለው ጊዜ ዘርዓ ያዕቆብ የሚፈልጋት ለሚስትነት እንጂ ለአገልጋይነት አለመሆኑን፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ገለጸ። በዋሻው በምንኩስና፣ በሴት ርኩሰትና በባርነት ላይ ያቀረባቸው ሦስት ሙግቶች በዚህ አንድ ውሳኔ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሐተታውን በዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 የታተመ ሥራ መለካት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዘርዓ ያዕቆብ የራሱን መኖር ሳይሆን በሰዎች ስም የሚነገረውን ሕግ የሚጠራጠር፣ የጥርጣሬውንም ውጤት በትዳሩ የሚሞክር ሰው ስለሆነ ንጽጽሩ ከሚያሳየው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል።

ከዚህ ውጭ ግን መደምደሚያዎቹ ለሰው አልተነገሩም። በእንፍራዝ ሲኖር ሰዎች እንደ እነርሱ ያለ ክርስቲያን አድርገው ይመለከቱት ነበር፤ እርሱም አላረመም። ምክንያቱን ራሱ ይሰጣል፦ ሰዎች ለምርመራ ባልተዘጋጁበት ጊዜ አሳቡን ቢገልጥ ጥቅም ሳያመጣ ጥላቻና ስደት ይከተላል። ከአክሱም ለሸሸ ሰው ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። የዝምታው ዋጋ ግን በሙግቱ ላይ ይታያል። የቅኔ ተማሪ ያደረ ቅኔውን በማግስቱ በጉባኤ ፊት ያቀርባል፤ ያልተሳካው እዚያው ይነቀሳል። የዘርዓ ያዕቆብ ሙግት ግን ከ30 ዓመት በላይ ነቃሽ ሳያገኝ ቆየ። በሐተታው ውስጥ ተቃዋሚዎች ሲናገሩ የሚሰሙት በእርሱ አንደበት ነው፤ የመለኪያው ድክመት እስከ መጨረሻው ሳይነካ የቀረውም፣ በዚህ ጽሑፍ ግምት፣ ከአሳቢው ችሎታ ማነስ ሳይሆን ከብቸኝነቱ የተነሣ ነው።

ዝምታውን የሰበረው ተማሪው ወልደ ሕይወት ነው። ከሀብቱ ልጆች አንዱ የሆነው ይህ ደቀ መዝሙር የመምህሩን አሳብ ጠይቆ እንዲጽፍ አደረገው። ዘርዓ ያዕቆብ በ1660 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ጻፈ።

መጽሐፉ ለዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ በቤጌምድር የነበረው ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ለአንቷን ዳባዲ ከላከው በኋላ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን በ1904 ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙት። ሙግቱ ነቃሽ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ነቀፋው ግን በሙግቱ ሳይሆን በሙግተኛው መኖር ላይ አረፈ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው አሉ፤ ኦይገን ሚትቮኽም በ1934 ደገፏቸው። ከማስረጃዎቻቸው መካከል መጽሐፉ በዳ ኡርቢኖ እጅ ብቻ መገኘቱና የሰዎች ምስክርነት ክብደት አላቸው። እንዲህ ያለ አሳብ ከዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሊወጣ አይችልም የሚለው ግን ሊረጋገጥ የሚገባውን ነገር እንደ መነሻ የወሰደ ክብ ሙግት ነው። በሌላው ወገንም መጽሐፉ የእኛ ስለሆነ እውነት ነው የሚል መልስ ከዚህ አይሻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር በ1976 ባሳተሙት ጥናት የተሻለውን መንገድ መረጡ፤ የሁለቱን ሐተታዎች ቋንቋና አሠራር ከዳ ኡርቢኖ ጽሑፎች ጋር እያነጻጸሩ የኢትዮጵያዊነቱን ወገን ደገፉ። አናይስ ዊዮን በ2013 የሐሰተኛነቱን ሙግት እንደገና አነሡ፤ በ2023 የታተመው አዲሱ የእንግሊዝኛ ትርጉም አዘጋጆች ደግሞ የኢትዮጵያዊነቱን ወገን ይዘዋል። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም፤ በአመክንዮ ክፍል ውስጥ ማስረጃን ከምኞት ለመለየት ከዚህ የቀረበ ልምምድ ማግኘት ያዳግታል።

በሐተታው መጨረሻ ወልደ ሕይወት ጥቂት ቃላት ጨምሯል፤ መምህሩ መጽሐፉን ከጻፈ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ እንዳረፈ ይናገራል። ከዚያም የራሱን ሐተታ ጻፈ። በዚያ ሥራ ውስጥ ተከታታይ ሙግት ቀንሶ ተረትና ምክር በዝቷል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ከጎረቤት ጋር ስለመኖር ይናገራል። መምህሩ ለአንድ ሰው ብቻ የተናገረውን ተማሪው ብዙ ሰው በሚሰማው ቋንቋ አቀረበው።