ሰር ሳሙኤል ሆርና ያልተጠራው ባለርስት

ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረችበት በ1928 ዓ.ም. ስማቸው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ከተመላለሰ ሰዎች አንዱ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሰር ሳሙኤል ሆር ነው። ይህ ሰው ጦር መርቶ አልወጋንም፤ ጠላታችን ነኝ ብሎም አያውቅም። ነገር ግን በፓሪስ ከተማ ከፈረንሳዩ ከፒየር ላቫል ጋር ሁለት ቀን ተቀምጦ በተስማማበት የዕርቅ አሳብ ምክንያት፣ ስሙ ከአገራችን ታሪክ ጋር ተቆራኝቶ ቀርቷል።

የዚህን ሰው ሕይወት መመልከት በተለይ ለተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች ይጠቅማል። ሰር ሳሙኤል ሰነፍ ወይም አላዋቂ አልነበረም፤ የተማረ፣ ትጉህና በሥራው ጠንቃቃ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እንዴት እንደ ተሳሳተ ማወቅ፣ የሰነፍን ስሕተት ከማወቅ ይልቅ ያስተምራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ሆር በ1872 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። ቤተ ሰቡ በባንክ ሥራ የታወቀ፣ ሀብትና ስም ያለው ነበር፤ አባቱም የምክር ቤት እንደራሴ ነበር። ልጁ በሃሮ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በ1902 ዓ.ም. ቼልሲ ከሚባለው የሎንዶን ክፍል ተመርጦ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገባና በዚሁ ወንበር 34 ዓመት ያህል ተቀመጠ። ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ አለባበሱ የጠራ ነበር፤ ከጨዋታም ሁሉ በበረዶ ላይ መንሸራተትን ይወድ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ይመጣልና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሩሲያን ቋንቋ ተምሮ በ1908 ዓ.ም. ወደ ፔትሮግራድ ተላከ፤ በዚያም የእንግሊዝን የስለላ መሥሪያ ቤት መራ። ከዚያም ለተመሳሳይ ሥራ ወደ ሮማ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ በሚላኖ የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ኢጣልያ ጦርነቱን እንዳታቋርጥ ይጽፍ ነበር። በሆር እጅ በኩል በየሳምንቱ 100 ፓውንድ ይከፈለው እንደ ነበር፣ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በተመረመሩ ሰነዶች ተረጋግጧል። ዕጣ የሚባለው ነገር እንግዳ ነው፤ 18 ዓመት ያህል ቈይቶ ያው ጋዜጠኛ የኢጣልያ ገዥ፣ ያው ከፋይ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆነው በኢትዮጵያ ጉዳይ ተገናኙ።

ከጦርነቱ በኋላ ሆር የአየር ኃይል ሚኒስትር ሆነ። በ1919 ዓ.ም. ከባለቤቱ ከሌዲ ሞድ ጋር ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ እስከ ደልሂ በአውሮፕላን ተጓዘ፤ ይህም በዚያን ዘመን እንደ ታላቅ ድፍረት የሚቈጠር ነበር። ቀጥሎም የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ አራት ዓመት ያህል ሕንድ የምትተዳደርበትን አዲስ ሕግ ሲያዘጋጅ ቈየ። ዊንስተን ቸርችልና ተከታዮቹ ሕጉን አጥብቀው ተቃወሙት፤ ሆር ግን ለጥያቄያቸው ሁሉ በትዕግሥት እየመለሰ አሸነፋቸው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሥራ የወጣው በጣም ደክሞ፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱን እየሳተ እስኪወድቅ ድረስ ታሞ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሳለ ግንቦት 30 ቀን 1927 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ። ኢጣልያ በዚያን ጊዜ ጦሯን በኤርትራና በሶማልያ በኩል ታከማች ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ11 ሚልዮን የሚበልጥ ሕዝብ ስለ ዓለም መንግሥታት ማኅበርና ስለ ሰላም ለቀረበለት ጥያቄ መልስ ሰጥቶ፣ አብዛኛው ወራሪን በኅብረት መከልከል እንደሚገባ ገለጸ። የሚኒስትር ጠቅላይ ባልድዊን መንግሥት ምርጫ ይጠብቀው ስለ ነበር ይህን ድምፅ ሊንቀው አልቻለም።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. ሆር በጄኔቭ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመ። እንግሊዝ ለማኅበሩ ቃል ኪዳን እንደምትታመን፣ ያለ በደል የሚደረገውንም ወረራ ሁሉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጽናት እንደምትቃወም ተናገረ። ንግግሩ በአዲስ አበባም በሌላውም ዓለም እንደ ታላቅ ተስፋ ተቈጠረ። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉም በኅብረት ይሸከሙ የሚል ቃል በመካከሉ ነበረበት፤ ይህን ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው። ከዚህም የሚከፋው፣ ከንግግሩ በዋዜማው ከላቫል ጋር ተገናኝቶ ጦርነት የሚያመጣ ቅጣት በኢጣልያ ላይ እንዳይደረግ፣ የስዌዝም ቦይ እንዳይዘጋባት ተስማምቶ ነበር። ላቫል ይህን ምስጢር ከጥቂት ወራት በኋላ በፈረንሳይ ምክር ቤት ገለጠው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩም ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ 50 ያህል መንግሥታት የንግድ ማዕቀብ አደረጉባት። ሆኖም ለታንኩና ለአውሮፕላኑ የሚያስፈልገው ነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም ነበር። የባልድዊን ፓርቲ ደግሞ በኅዳር 4 ቀን ምርጫ ለማኅበሩ እንታመናለን ብሎ በብዙ ድምፅ አሸንፏል። አሁን የቀረው የነዳጁ ጉዳይ ሲሆን፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ በጄኔቭ ሊመከርበት ተቀጥሮ ነበር። ሙሶሊኒ ነዳጁ ከተከለከለ ጦርነት ይሆናል እያለ ያስፈራራ ነበር፤ ላቫልም የኢጣልያን ወዳጅነት ከጀርመን መከላከያ አድርጎ ስለሚያየው ማዕቀቡ እንዲጠብቅ አልወደደም።

ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊስ አገር ሲሄድ ኅዳር 27 ቀን ፓሪስ ላይ ወረደ። በማግሥቱ ማታ የሁለቱ ሚኒስትሮች ስምምነት ተጻፈ። አሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነበር። በትግራይ በኩል ከአክሱምና ከአድዋ መካከል መስመር ተሠምሮ አክሱም ለኢትዮጵያ ሲቀር፣ አድዋና ከዚያ ወዲያ ያለው ምሥራቃዊ ትግራይ ለኢጣልያ ይሰጣል። በደንከልና በኦጋዴን በኩል የኢጣልያ ድንበር ወደ ውስጥ ይገባል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ8ኛው ዲግሪ ጀምሮ እስከ ኬንያ ወሰን ያለው ሰፊ አገር፣ ጅማን፣ ሲዳሞንና ባሌን የሚያጠቃልለው ማለት ነው፣ በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ኢጣልያኖች ብቻ የሚሰፍሩበትና የሚነግዱበት ይሆናል። ለኢትዮጵያ በለውጡ የሚሰጣት አሰብና ወደዚያ የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሁለት ተጣይዎችን ሲያስታርቅ በዳይንም ተበዳይንም አስቀምጦ ይሰማል። በፓሪስ ግን ለበዳዩ ደስ የሚያሰኘው ነገር እየተመዘነ ሲቈረስ፣ ባለርስቱ በደሴ ጦሩን ይዞ በአውሮፕላን ይደበደብ ነበር። ደሴ በቦምብ የተመታችው ኅዳር 26 ቀን ነው፤ ሆር ፓሪስ ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው።

ሆር ሥራውን የፈጸመ መስሎት ወደ ስዊስ ሄደ። በዚያም በበረዶው ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫው ተሰበረ። የዚያን ጊዜ ግን ከአፍንጫው የሚከፋ ነገር ደርሶ ነበር፤ ኅዳር 29 ቀን ሁለት የፓሪስ ጋዜጦች የስምምነቱን ምስጢር አውጥተውታል። የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ምክር ቤት አሳቡን በዚያው ቀን ተቀብሎት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሲያነበው ተቈጣ። እንደራሴዎቹ ከመራጮቻቸው በሚጐርፈው ደብዳቤ ተጨነቁ፤ ከአንድ ወር በፊት ስለ ማኅበሩ ሰብከው የተመረጡ ናቸውና የሚመልሱት አጡ። ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ፣ ኢትዮጵያ በአሰቡ መተላለፊያ የባቡር ሐዲድ እንዳትሠራ መታሰቡን ሰምቶ፣ እንግዲያው መንገዱ ለግመሎች ብቻ ነው ብሎ ተሣለቀ።

በፈረንሳይም ነገሩ ጸጥ አላለም። ሌዎን ብሉምና ፖል ሬይኖ በምክር ቤት ላቫልን ወቀሱት፤ እርሱም በጥቂት ድምፅ ብልጫ ብቻ ተረፈ፤ በጥር ወር ግን መንግሥቱ ወደቀ። በጄኔቭ ትንንሾቹ መንግሥታት ደነገጡ። ነገሩ ለእነርሱ የሩቅ አገር ጉዳይ አልነበረም፤ ወራሪ በወረራው ርስት የሚያገኝ ከሆነ፣ ኃይለኛ ጐረቤት ያለው ሁሉ ነገ ተራው እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። አሜሪካም የማኅበሩ አባል ባትሆንም ለኢጣልያ የሚሸጠውን ነዳጅ ለመቀነስ ነጋዴዎቿን ትመክር ነበር፤ የፓሪሱ ነገር ሲሰማ ግን አውሮፓ ራሷ ያልጸናችበትን ነገር እኛ ስለ ምን እንሸከማለን የሚሉት ሰዎች በረቱ።

ሙሶሊኒ እሺም እምቢም ሳይል ያመነታ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን የኢጣልያ ሴቶች የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ በተደረገበት ዕለት፣ ጦርነቱን እንደማያቋርጥ ፎክሮ ተናገረ።

ባለርስቱስ ምን አለ? የኢትዮጵያ መንግሥት ዕርቅን አልጠላም፤ ነገር ግን አሳቡ በጓዳ ሳይሆን በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በግልጥ እንዲመረመር ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በታኅሣሥ መጀመሪያ ከደሴ በሰጡት መግለጫ፣ ይህን አሳብ መቀበል ሕዝባቸውን መካድ፣ በማኅበሩ የተማመኑትንም መንግሥታት ሁሉ አሳልፎ መስጠት መሆኑን አስታወቁ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጐረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ ይህ መልስ ለሌሎቹ ተቃዋሚዎች ኃይል ሆናቸው።

ባልድዊን ሕዝቡ እንዳልተመለሰ ባየ ጊዜ መንግሥቱን ለማዳን አሳቡን ጣለው። ሆር ስሕተቱን አምኖ እንዲናገር ቢጠየቅ እምቢ አለና ታኅሣሥ 8 ቀን ሥራውን ለቀቀ። በማግሥቱ ፕላስተሩ ከአፍንጫው ሳይነሣ በምክር ቤት ቆሞ ንግግር አደረገ። ጦርነቱ እንዳይስፋፋ፣ ኢትዮጵያም ጨርሳ እንዳትጠፋ ብሎ እንዳደረገው፣ ከእንግሊዝ በቀር ሌላው መንግሥት አንድ መርከብ ወይም አንድ አውሮፕላን እንኳ እንዳላንቀሳቀሰ ገለጸ። በዚህ የመጨረሻ ቃሉ ብዙ እውነት ነበረበት። አሳቡን ከእርሱ ጋር የተቀበሉት ባልደረቦቹ ግን በየወንበራቸው ሲቀሩ ብቻውን ወጣ። በቦታው አንቶኒ ኢደን ተሾመ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አላለቀም። የፓሪሱ አሳብ ሞተ እንጂ ኢትዮጵያ አልዳነችም። የነዳጁ ማዕቀብ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ተላልፎ በዚያው ቀረ። በዚያው በታኅሣሥ ወር ኢጣልያ በወታደሮቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ማፍሰስ ጀመረች። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ይህ በሆነ በአንድ ወር ሰር ሳሙኤል ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ተብሎ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ መንግሥታቱ ማዕቀቡን አነሡ። ሕዝብ ቈጥቶ አንድን ክፉ ውል ሊያፈርስ ይችላል፤ በፈረሰው ቦታ ላይ ጽኑ ሥራ ካልተተካ ግን ቍጣው ብቻውን አገር አያድንም።

ሆር ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሠራ። የአገር ግዛት ሚኒስትር ሳለ ከጀርመን የሸሹ ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ሕፃናት፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ ወደ እንግሊዝ እንዲገቡ ፈቀደ። እስር ቤቶች እንዲሻሻሉ ደከመ፤ በሽምግልናውም የሞት ቅጣት እንዲቀር መጽሐፍ ጻፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማድሪድ አምባሳደር ሆኖ ስፔን ከሂትለር ጋር እንዳትሰለፍ ሠራ። ይህን ሁሉ በጎ ሥራ መደበቅ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1931 ዓ.ም. መስከረም የቼኮስሎቫኪያ መሬት በሙኒክ ሲቈረስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቼምበርሌን ከሚያማክራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በዚያም ባለርስቱ ወደ ጉባኤው አልተጠራም። የዚያ ስምምነት ሰላም አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ጓደኛው ላቫል ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ተፈርዶበት በጥቅምት 1938 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ሆር ግን ቫይካውንት ቴምፕልውድ የሚል ማዕርግ አግኝቶ በሰላም ኖረ፤ በመጽሐፉም የፓሪሱን ሥራ እስከ መጨረሻ ተከራከረለት። ሚያዝያ 29 ቀን 1951 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ሞተ። ልጅ ስላልነበረው ማዕርጉም ከእርሱ ጋር አበቃ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሆር ጥፋት ዕርቅን መፈለጉ አይደለም፤ ዕርቅ ፈላጊ ብፁዕ ነው። ጥፋቱ በጳጉሜን በአደባባይ የሰጠውን ቃል በኅዳር በዝግ ቤት ማጠፉ፣ የራሱ ባልሆነውም መሬት መዋዋሉ ነው። ነገ ከፊትህ የሚቀርበው ወረቀት የአገር ድንበር ባይሆን የአንድ ድኃ ባላገር ማሳ ወይም የአንዲት መበለት አቤቱታ ይሆናል። ከመፈረምህ በፊት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ተጠርቶ ተሰምቷል ወይ ብለህ ጠይቅ።