የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አጭር የሕይወት ታሪክ

ስለ ሰላዮችና ስለ ፍቅር የሚተርኩ የሲኒማ ፊልሞች ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው፥ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጥሩር ያልለበሰ ፈረሰኛ» የሚባለው ነው። ሮበርት ዶናትና ማርሌኔ ዲትሪኽ የሚታዩበት ይህ ፊልም፥ የሩሲያ አብዮት በተነሣ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ሰላይ አንዲትን የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ከሞት ለማዳን በየባቡሩና በየጫካው እንዴት እንደ ተንከራተተ ያሳያል። ተመልካች በሁለቱ ፍቅር ይደሰታል፤ በመከራቸውም ያዝናል። ነገር ግን ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት በዚያው ዓመት፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ እውነተኛ የምስጢር ሥራ ይሠራ ነበር። ከሠሪዎቹም መካከል ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋረገድ የሸዋ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ኑሯቸው በአዲስ አበባ ነበር። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ የወጣትነት ዕድሜያቸውን አልፈው፥ ቤትና ንብረት ይዘው፥ በሰው ዘንድ ተከብረው ይኖሩ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወሰናችንን ጥሶ በገባ ጊዜ፥ የከተማይቱ ሴቶች ለዘማቹ ስንቅ ከማዘጋጀት ሌላ ለቍስለኛ የሚሆን ፋሻ ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድም በዚሁ ሥራ ተሰለፉ፤ ገና አዲስ ለተቋቋመው ለቀይ መስቀልም ከገንዘባቸው ሰጡ። እንግዲህ የአርበኝነታቸው መጀመሪያ ጠመንጃ ሳይሆን ፋሻ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ከከተማይቱ ወጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሁለት መንገድ ተከፈተለት። አንዱ ለጠላት አድሮ በሰላም መኖር ነው፤ ሁለተኛው ጫካ መግባት ነው። ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ይኸውም በከተማ ተቀምጦ፥ ለጠላት የገበረ መስሎ፥ በምስጢር አገርን ማገልገል ነው። ይህን መንገድ የመረጡት የውስጥ አርበኞች ይባላሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ የመረጡት ይህንን ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የከተማይቱን ዙሪያ ማሰብ ያስፈልጋል። እኛ የምንኖርባቸው ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በሱሉልታ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ፍቼ፥ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ጎጃም ይወስዳል። በቡራዩ በኩል የሚወጣው ወደ ሆለታ፥ ወደ አዲስ ዓለምና ወደ አምቦ ይሄዳል። በሰበታ በኩል የሚወጣው ደግሞ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ያደርሳል። በእነዚህ መንገዶች ጫፍ ሁሉ አርበኞች ነበሩ። በሰላሌ በኩል ደጃዝማች አበራ ካሣ፥ በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፥ በሰሜን ሸዋ በኩል አበበ አረጋይ ተነሥተው ነበር። አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከየአቅጣጫው ካጠቁ በኋላ፥ ጠላት ፈርቶ ዙሪያዋን በምሽግና በሽቦ አጠረ፤ ወጪውንና ገቢውን መፈተሽ ጀመረ።

ጫካ ያለው አርበኛ ግን ያለ ከተማ ሊኖር አይችልም ነበር። ጥይት ያልቅበታል፤ ልብሱ ያልቃል፤ ቍስሉ መድኃኒት ይሻል። ከዚህም ሁሉ በላይ ጠላት መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያቀርቡለት የውስጥ አርበኞች ነበሩ። በተለይ ሴቶች ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው፥ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው እየመሰሉ ኬላውን ያልፉ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ በገንዘባቸው፥ በቤታቸውና በሚያምኗቸው ሰዎች አማካይነት ለአርበኞች ጥይት፥ ልብስ፥ መድኃኒትና ወሬ ከሚያደርሱት ዋነኛዋ ሆኑ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ጠላት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የፈጸመው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ያንኑ ደገመ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በጥርጣሬ ብቻ ይገደል፥ ይታሰርና ይጋዝ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋረገድም ተይዘው ታሰሩ። ጠላት የፈለገው እሳቸውን ብቻ አልነበረም፤ ከእሳቸው ጋር የሚሠሩትን ሰዎች ስም ነው። ስለዚህ አሠቃዩዋቸው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል እንኳ ሳይቀር ገረፏቸው። በፊልም ጊዜ እንዲህ ያለው ሥቃይ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ ጀግናውም በመጨረሻ ይመጣል። በዚህ ግን የሚመጣ አልነበረም። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ፥ ጥይት ያቀበለው፥ መድኃኒት የደበቀው፥ ቍስለኛ ያሳደረው ሁሉ ከነቤተ ሰቡ ይጠፋ ነበር። እሳቸው ግን የባልንጀሮቻቸውን ስም አሳልፈው አልሰጡም። የብዙ ሰው ሕይወት በአንዲት ሴት ዝምታ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ ዝምታውም አልተሰበረም።

ከዚህ በኋላ ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። የታሰሩባት አዚናራ በሰርዲኒያ አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ከየካቲት 12 በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተግዘውባታል። ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን ከተተካ ወዲህ፥ ጠላት ሕዝቡን በማባበል ለመግዛት አስቦ ከግዞተኞቹ ብዙዎቹን መለሰ። ወይዘሮ ሸዋረገድም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ሥቃይ የተረፈ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዕድሜውን ቢጨርስ ማንም አይፈርድበትም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን ወደ ቀድሞው ሥራቸው ተመለሱ። አዲስ ዓለም፥ ዳግማዊ ምኒልክ የቈረቈሯት ከተማ፥ ከቡራዩ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ከሆለታ ወዲያ ትገኛለች። በዚያ ጠላት ምሽግ ነበረው። ወይዘሮ ሸዋረገድ የምሽጉን ሁኔታና የወታደሩን ኃይል አጣርተው ለአርበኞች አስታወቁ፤ ጥቃቱ በተጣለ ጊዜም ከተዋጊዎቹ ጋር ነበሩ። በዚህም ምክንያት ዳግመኛ በጠላት እጅ ወድቀው ተፈረደባቸው። ሆኖም ከሞት ተርፈው ነፃነትን ለማየት በቁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት በገባ በአምስተኛው ዓመት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ወይዘሮ ሸዋረገድም በነፃነት ዘመን ጥቂት ዓመታት ኖረው ዐረፉ።

ውድ አንባብያን፥ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። በጦር ሜዳ የተዋጋ ጀግና ሥራውን ያየለት ጓደኛ አለው፤ ፎካሪውና አዝማሪው ስሙን ያነሣለታል። የውስጥ አርበኛ ግን ሥራው የሚቃናለት ሳይታይ ሲቀር ነው። ጽሑፍ አይጽፍም፤ ቢገኝ ሰው ያስገድላልና። ለጎረቤቱም አያወራም። እንግዲህ ያው ምስጢር ጠባቂነት ሥራውን ሲያሳካለት፥ ታሪኩን ደግሞ ይሸሽግበታል። የወይዘሮ ሸዋረገድ ስም ሊታወቅ ቻለ፤ ከእሳቸው ጋር በሱሉልታ ሜዳ፥ በቡራዩ ዳገት፥ በሰበታ መንገድ ጥይትና መድኃኒት ያሻገሩት የብዙዎቹ ስም ግን አልተጻፈም።

እነዚያ ሰዎች ዛሬ የሉም፤ የነገሯቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ግን በየሰፈራችን ይገኛሉ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ ሽማግሌዎቻችንና ወደ አሮጊቶቻችን ቀርበን፥ ስለ አያቶቻቸው የሰሙትን ብንጠይቅና ብንጽፍ መልካም ነው። በጠላት ዘመን ዝም ማለት አገርን አዳነ፤ በነፃነት ዘመን ግን ዝም ማለት ባለ ውለታን ማስረሳት ነው።